ራቭ ፎሬ ማርሽ ሲቀይር ይመታል፤ ኮምፒውተሩን ልቀይር ወይስ ካምቢዮውን?

የጠያቂያችን መልእክት ይህ ነው፦ «የ2002 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር አለኝ። አውቶማቲክ ነው፣ ሞተሩ 2000 ሲሲ። ከሦስት ወር ወዲህ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ከኋላ መኪና የገጨኝ ያህል ይመታል። የኋላ ማርሽ ሳስገባም እንዲሁ። ቼክ ኢንጂን በርቷል። በማሽን ሲታይ ፒ0753 እና ፒ1760 የሚሉ ኮዶች ወጡ። የካምቢዮ ዘይት አስቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር አለኝ። ሌላው የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ነው አለኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ከተፈታ መኪና ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ልላክልህ ይላል። ያዋጣኛል? እስከዚያስ ብነዳው ችግር አለው?»

ካምቢዮውን አሁን አያስነኩት። ወንድምዎም ለጊዜው ምንም አይግዛ። ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት እስካሁን ማንም ሰው መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ መኪናው ሥር አልገባም። ኮድ ተነበበ፣ ዘይት ተቀየረ፣ ከዚያ ግምት ተጀመረ። በመሃል ያለው ሥራ ተዘሏል።

አስቀድመን አንድ ስም እናስተካክል። ለካምቢዮ ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር በእርስዎ መኪና ውስጥ የለም። ከ2001 እስከ 2003 በተሠራው አውቶማቲክ ራቭ ፎር ላይ ሞተሩንም ካምቢዮውንም የሚያዘው አንድ ሳጥን ነው። የሚገኘው ጋቢና ከሚቀመጠው ተሳፋሪ ጉልበት ፊት ለፊት፣ ከዕቃ ማስቀመጫው መሳቢያ ጀርባ ነው። በሌሎች መኪኖች ነገሩ ይለያል። በፎርድ ፎከስ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ላይ መቆጣጠሪያው ከካምቢዮው ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። በብዙ ቮልስዋገኖች ደግሞ ከካምቢዮው ቫልቮችና ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ የዘይት በሮች) ጋር አንድ አካል ሆኖ ተሠርቷል።

ስሙን ማስተካከል ጥቅም አለው። ሶማሌ ተራ ሄደው «የራቭ ፎር ካምቢዮ ኮምፒውተር» ብለው ቢጠይቁ ወይ የለም ይባላሉ፣ ወይ የማይሆን ዕቃ ይሸጥልዎታል። ሳጥኑ አንድ ስለሆነ ደግሞ እሱን መንካት ሞተሩንም መንካት ነው። የማይገጥም ሳጥን ከተሰካ ማርሹ ቀርቶ ሞተሩም ላይነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ይመታል» ብለዋል። ይህ ቃል ለእኔ ከኮዶቹ እኩል ይጠቅመኛል። ሸራው፣ ማለትም ማርሽ የሚያስይዘው የፍሪሲዮን ንጣፍ፣ ያለቀ ካምቢዮ በአብዛኛው የሚያሳየው ጠባይ መንሸራተት ነው። ነዳጅ ይረግጣሉ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይከተልም። ዳገት ላይ በደንብ ይታወቃል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ የሞተሩ ዙር እያሻቀበ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ፣ ያኔ ስለ ካምቢዮ መውረድ መነጋገር ይቻላል። የእርስዎ መኪና የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ማርሹን ይይዛል፤ አያያዙ ግን ከልክ በላይ ኃይለኛ ነው።

ምክንያቱ የዘይት ግፊት ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ሸራዎቹን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ማርሽ የሚያስይዘው ግፊት ነው። ግፊቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኤስኤልቲ የሚባል ሶሌኖይድ ነው፤ እሱን ደግሞ ኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ ያዘዋል። ቀስ ብለው ሲነዱ ግፊቱ ይወርዳል፣ ማርሹም ለስለስ ብሎ ይገባል። ነዳጅ ሲረግጡ ግፊቱ ይጨምራል። ትእዛዙ ከተቋረጠ ግን ግፊቱ ጣራ ይነካል። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፤ ሸራዎቹ ተንሸራትተው እንዳይቃጠሉ። ስለዚህ ከመብራት ላይ በቀስታ ሲነሱም ማርሹ የሚገባው በሙሉ ግፊት ነው። ከኋላ የተገጩ ያህል የሚሰማዎት ያ ነው።

ፒ1760 የሚለው ኮድ የዚሁ የኤስኤልቲ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ፒ0753 ደግሞ ኤስኤል1 የተባለውን ማርሽ ቀያሪ ሶሌኖይድ መስመር ይመለከታል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ስለ ሸራ ወይም ስለ ጥርስ ምንም አላሉም። ካምቢዮው አልቋል ያልዎት መካኒክ እነዚህን ኮዶች ይዞ እዚያ ድምዳሜ ላይ መድረሱ ልክ አልነበረም።

ዘይት መቀየሩም የኤሌክትሪክ መስመርን አይጠግንም፤ ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው። ግን የተደረገው ዘይት ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ካምቢዮ የሚፈልገው የቶዮታ ታይፕ ቲ-4 ወይም በግልጽ ለእሱ ይሆናል ተብሎ የተሠራ ዘይት ነው። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ተብሎ ሌላ ከተጨመረ መልሰው ያስቀይሩት።

በዚህ ሞዴል ላይ የኮምፒውተሩ ችግር የታወቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የ2001፣ የ2002 እና የ2003 ራቭ ፎር ባለቤቶች ይሄው ነገር ደርሶባቸው፣ ቶዮታ ለኮምፒውተሩና በእሱ ሳቢያ ለተጎዳው ካምቢዮ ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ወንድምዎ ቢጠይቅም አሁን አያገኝም። ችግሩ የዚህ መኪና ብቻም አይደለም። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። የ2005 እስከ 2008 ሞዴል ነበሩ። ምክንያቱ በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ አንዳንድ የሊድ ብየዳዎች ወይም ሰሌዳውን ከከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠብቁ ዕቃዎች ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ነው። ምልክቶቹም ቼክ ኢንጂን መብራት፣ የሚመታ ማርሽ፣ ሞተር አልነሳም ማለት፣ አለዚያም እየሄዱ መጥፋት ነበሩ። ከአሜሪካ የመጣ የዚያ ዘመን ኮሮላ ያላችሁ አንባቢዎች በሻንሲ ቁጥሩ ጥሪው ተሠርቶለት እንደሆነ በነጻ ለማጣራት መሞከር ትችላላችሁ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ 17ቱን ቁጥርና ፊደል ማስገባት ብቻ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ጥሪ ግን ላያሳይ ይችላል።

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ላሳይዎት። ብሎኖቹ ተፈትተው ክዳኑ ሲነሳ ሰሌዳው ለዓይን ደህና ይመስላል። አቧራ የለው፣ የተቃጠለ ነገር የለው። በአጉሊ መነጽር ሥር ሲገባ ግን ሌላ ነው። ሶሌኖይዶቹን የሚያዙት ዕቃዎች እግር ዙሪያ፣ በሚያብረቀርቀው ሊድ ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር ቀለበት ትታያለች። ስንጥቅ ናት። ሰሌዳው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በ20 ዓመት ውስጥ ይህ ስንት ሺህ ጊዜ ተደጋግሟል። ስንጥቋ አንዳንዴ ትገናኛለች፣ አንዳንዴ ትላቀቃለች። ስለዚህ መኪናው ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት ይመታል። ባትሪ ነቅለው ሲመልሱት ኮዱ ይጠፋል፣ ለሁለት ቀን ሰላም ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳል። ኮድ ማጥፋትን እንደ ጥገና ቆጥሮ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠመዎት አይክፈሉ።

እንዲህም ሆኖ «የታወቀ ችግር ነው» ስላልን ብቻ ኮምፒውተሩ ነው ብለን አንፈርድም። እነዚህን ኮዶች የሚያመጡ ሦስት ቦታዎች አሉ፦ ሶሌኖይዱ ራሱ፣ በመሃል ያለው ሽቦና ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ። መለየቱ ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ካገኙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ያስለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ በርቶ ደግሞ ወደ 14 መሆን አለበት። የደከመ ባትሪና የላላ የባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ ኮምፒውተርን ያሳብዳል። ከዚያ ካምቢዮው ላይ ያለው ሶኬት ተነቅሎ የሶሌኖይዶቹ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያላቸው መቋቋም) ይለካ። መኪናው ቀዝቅዞ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ኤስኤል1፣ ኤስኤል2 እና ኤስኤልቲ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም ማሳየት አለባቸው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ኤስ4 እና ዲኤስኤል፣ ከ11 ኦም በላይ ናቸው። መሣሪያው መስመሩ ተቋርጧል ካለ ሶሌኖይዱ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ ሶሌኖይዱ ሾርት አድርጓል። ይህ ሁለተኛው አደገኛ ነው። ሾርት ያደረገ ሶሌኖይድ እያለ የተጠገነ ወይም አዲስ ኮምፒውተር ቢሰኩ ሊያቃጥለው ይችላል።

ሶሌኖይዶቹ ደህና ከሆኑ ሽቦው ይታይ። ከካምቢዮው ሶኬት እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት እያንዳንዱ መስመር መገናኘቱ፣ ከሻንሲውም ጋር አለመነካካቱ ይለካ። ሲለካ ሽቦውን እጅ ይነቅንቀው። ብዙ መኪኖች ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውሃ ሲታጠቡ ይህ ሶኬት ውሃ ይጠጣል፤ እግሮቹ አረንጓዴ ሆነው አግኝቻለሁ። እንዲያ ከሆነ በኮንታክት ማጽጃ ጠርጎ ማድረቅ ብቻ ችግሩን ሊፈታው ይችላል። ሁለቱም ደህና ሆነው ኮዱ ከተመለሰ፣ አሁን በልበ ሙሉነት ኮምፒውተሩ ነው እንላለን።

አንዲት ደንበኛ ያመጣችውን መኪና አልረሳውም። ልክ የእርስዎ ዓይነት ራቭ ፎር ነበር። ከእኔ በፊት አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን በሌላ ካምቢዮ ቀይሮላት ነበር፣ ኮምፒውተሩን ግን ማንም አላየውም። ሁለተኛው ካምቢዮም በዚያው ሙሉ ግፊት ሲደበደብ ከርሞ፣ እኔ ጋ ሲመጣ የኋላ ማርሹ አልገባም ብሎ ነበር። ለሁለት ካምቢዮ ከከፈለች በኋላ ነው ስንጥቋ የተገኘችው። በጣም አዝኜ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዓት መለካት ያድናት ነበር።

እንግዲህ ልኬቱ ወደ ኮምፒውተሩ ካመለከተ ሦስት መንገድ አለዎት። የወንድምዎን ሐሳብ ላስቀድም። ከተፈታ መኪና የሚገኝ ያገለገለ ሳጥን ርካሽ ነው፣ በሻንጣም ይመጣል። ግን የዚያው ዘመን፣ የዚያው ዓይነት ብየዳ፣ የዚያው ዕድሜ ነው። ዛሬ ደህና ሆኖ በስድስት ወሩ እዚሁ ሊመልስዎት ይችላል። መኪናዎ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካው ሳጥን አብሮት ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአሜሪካ መኪኖች የቤንዚን ትነት እንዳያመልጥ የሚከታተል ተጨማሪ መሣሪያ አላቸው፤ ሳጥኑ ያንን ሲፈልግ ሲያጣው ቼክ ኢንጂን ላይጠፋ ይችላል። ቁልፍዎ ቺፕ ካለው ደግሞ ቺፑን የሚያውቀው ያው ኮምፒውተር ነው። ሌላ ሳጥን ሲሰካ ቁልፉን አላውቀውም ይላል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ቁልፉን እንደገና ማስመዝገብ ይጠይቃል። ቁልፉን ሲነቅሉ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናዎ ይህ መከላከያ ሊኖረው ስለሚችል ያስመርምሩ።

ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነ እንኳ የሳጥኑ ቁጥር ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ መሆን አለበት። ሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር አለ። ከሰረዙ በኋላ ያሉት አሃዞች ናቸው ወሳኞቹ። «ሞዴሉም ዓመቱም አንድ ነው» ማለት አይበቃም። የማንዋሉና የአውቶማቲኩ ሳጥን ይለያያል፤ በአገር የታዘዘውም ይለያያል። ፎቶ አንስተው ለወንድምዎ ይላኩለትና ከዚያ ቁጥር ውጭ እንዳይገዛ ይንገሩት።

ሁለተኛው አዲስ ማስመጣት ነው። አስተማማኝ ነው፣ ዋጋው ግን ለዚህ ዕድሜ መኪና ከባድ ነው። ሰሌዳው ከተቃጠለ ወይም ውሃ ገብቶበት መዳብ መስመሮቹ ከተበሉ ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛው የራስዎን ሳጥን ማስጠገን ነው፤ የምመክርዎትም ይህንን ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ቁልፉን ያውቃል፣ የመኪናውን አገር ያውቃል። የሚስተካከለው የተሰነጠቀው ብየዳ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሶሌኖይዱን የሚያዘው ትራንዚስተር ብቻ ነው። ግን ለማን እንደሚሰጡ ይጠንቀቁ። የስልክ ሰሌዳ በአጉሊ መነጽር የሚሠራ ጠንቃቃ ባለሙያ ከብዙ ጋራዥ ይሻላል። ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ እንዲያነሳልዎት ይጠይቁ። አሮጌው ሊድ ተነስቶ በአዲስ መበየድ አለበት፤ ከላይ ሊድ ጠብ ማድረግ ስንጥቋን መሸፈን ብቻ ነው። ሰሌዳውን በሙሉ በሙቅ አየር አሙቄ እመልሰዋለሁ ካለዎት ሳጥኑን ይዘው ይውጡ። ያ ዘዴ ለጥቂት ሳምንት ያገናኘዋል፣ ጤነኞቹን ዕቃዎች ግን ይጎዳል።

ሳጥኑ ሲወጣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ። የሚሠራው ከተሳፋሪው ኤርባግ አጠገብ ስለሆነ ነው። ሶኬቶቹ በመቆለፊያቸው ይከፈቱ እንጂ በሽቦው አይጎተቱ። የሰሌዳውን እግሮች በጣት መንካት አያስፈልግም። ወደፊትም አንድ ነገር ያስታውሱ። መኪናዎ ቦዲ ሥራ ገብቶ በኤሌክትሪክ ሊበየድ ከሆነ ባትሪው ሳይነቀል አይፍቀዱ። በብየዳ ጅረት የሞተ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ገመድ ገልብጦ ባትሪ ማስነካትም እንዲሁ ነው።

ሳጥኑ ተጠግኖ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማርሹ ትንሽ ግር ሊለው ይችላል። ኮምፒውተሩ የለመደውን ረስቷል፣ እንደገና ይማራል። ለአንድ ሳምንት ያህል ነዳጅ በልኩ እየረገጡ ከተማ ውስጥም ቀለበት መንገድ ላይም ይንዱት። በዚያ ጊዜ ኮዱ ካልተመለሰ ተሳክቷል።

እስከዚያ መንዳት የሚለውን ጥያቄዎን በተመለከተ፦ አይንዱት። ወደ ጥገና ለመሄድ ብቻ ይጠቀሙበት። እያንዳንዱ ምት ሸራዎቹን፣ የካምቢዮ እግር ጎማዎችን እና ጥርሶቹን ይደበድባል። ሦስት ወር ነድተውታል፤ ይህ አሳስቦኛል። ግድ ከሆነ ሞተሩ ይሙቅና ዙሩ ይውረድ፣ ፍሬን ይርገጡ፣ ከዚያ ዲ (ወደፊት) ወይም አር (ወደኋላ) ያስገቡ፣ ነዳጅ በቀስታ። የሚያስጎትቱት ከሆነና መኪናው አራቱም ጎማ ጎታች ከሆነ በጭነት መኪና ላይ ይጫን። ሁለት ጎማው ብቻ ተነስቶ ሌሎቹ እየዞሩ ቢጎተት ካምቢዮው ይጎዳል።

ከጥገናው በፊት ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። ሜዳ ቦታ፣ ከኋላዎ ሰው ሳይኖር፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ ፍሬን ረግጠው አር ያስገቡና ይጠብቁ። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ከያዘና ፍሬኑን ሲለቁ ወደኋላ ከተንቀሳቀሰ፣ ካምቢዮዎ ገና የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ነገ ወደ ልኬቱ ይሂዱ። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግም አውጥተው ያሽቱ፤ ቀይና ንጹሕ ከሆነ ደስ ይላል። ዘይቱን በቅርቡ ስለቀየሩ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አር ዘግይቶ ከገባ፣ ወይም ነዳጅ ካልረገጡ የማይሄድ ከሆነ ሸራዎቹ ተጎድተዋል። ያኔ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ቢወርድም ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ተጠግኖ ይለቅ፣ ካምቢዮው ከዚያ በኋላ ይገጠም።